የቤት ቀጋ፣ የውጭ አልጋ

«ኮሚሽን» የሚለው ቃል በእኛ ሀገር ሁለት ኑሮ አለው። አንደኛው በመሥሪያ ቤት በር ላይ የሚሰቀለው ባለማኅተሙ ነው። ሁለተኛው ደላላ ቤት አከራይቶ፣ መኪና አሻሽጦ እጁን የሚዘረጋላት ናት። የከተሞቻችን ስፖርት ኮሚሽኖች ስማቸውን ከአንደኛው ወስደው አሠራራቸውን ከሁለተኛው የተማሩ ይመስለኛል። (አንዳንዶቹ ቢሮ ተብለዋል፤ ታፔላው ይቀየራል እንጂ ሜዳው ያው ነው።) ጉቦ ተበላ ማለቴ አይደለም፤ ለዚያ ኦዲተር አለ። የማወራው ስለ ሥራው ጠባይ ነው። ደላላ እንግዳ ያመጣል፣ ቤቱን ያሳያል፣ ያስማማል፣ ይሄዳል። ከዚያ ወዲያ ጣሪያው ቢያፈስ፣ ቧንቧው ቢደርቅ የእሱ ጉዳይ አይደለም።

ከመነሻው እንግባባ። ከተሞች ውድድር ማምጣታቸውን የምቃወም ሰው አይደለሁም። የፕሪሚየር ሊጉ ጨዋታዎች በ2013 ዓ.ም. በኮሮናውና በቴሌቪዥን ሥርጭቱ ምክንያት ክለቦችን በአንድ ከተማ እያሰባሰቡ መካሄድ ሲጀምሩ አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋና ሐዋሳ በየተራ አስተናገዱ። ክለብ ከነአሠልጣኙ፣ ከነወጌሻው፣ ከነሾፌሩ መጥቶ ሲከርም ሆቴሉ ይሞላል፤ ባጃጁ ይሮጣል፤ ልብስ አጣቢዋ፣ ሥጋ ቤቱ፣ ጀበናዋን ጥዳ በር ላይ የተቀመጠችው ሁሉ የድርሻቸውን ያገኛሉ። ይህንን የሚያጣጥል ሰው በንግድ አድሮ አያውቅም። ከተማ እንግዳ ይፈልጋል። የእኔ ጥያቄ፣ እንግዳው ሲሄድ ለቤተኛው ምን ተረፈው? የሚል ነው።

በዚያው ዓመት ሻምፒዮን የሆነው ፋሲል ከነማ ነበር። ለክለቡ የመጀመሪያው የሊግ ዋንጫ ነው። ከላይ የዘረዘርኳቸውን አምስት ከተሞች እስቲ መለስ ብላችሁ ቁጠሩ፤ ጎንደር የለችበትም። ክለቡን በዝናብና በፀሐይ ተሰልፎ ያሳደገው የጎንደር ደጋፊ ልጁ ሲዳር ድግሱ ሌላ ሰፈር የተደረገበት አባት ሆነ። እሺ፣ ወረርሽኝ ነበር፤ ይሁን። ነገር ግን ከወረርሽኙ በኋላም ሊጉን አሰባስቦ ማካሄዱ ሲቀጥል ለውድድር የበቃ ሜዳ ያላት ከተማ አስተናጋጅ፣ የሌላት ደግሞ የቴሌቪዥን ተመልካች ሆና ቀረች። ሕዝብ ክለቡን በዓይኑ ማየት አለማየቱን የሚወስነው የሜዳው ይዞታ ነው ማለት ነው። የሜዳው ይዞታ ደግሞ የማን ሥራ ነው?

ለዓመታት ሥነ ጽሑፍ ያስተማረ ሰው ቃል መፈልፈል አይተውምና ትንሽ ልፈልፍል። «ማስተናገድ» ከ«እንግዳ» ጋር ዘመድ ነው። እንግዳ የሚቀበል ሰው አስቀድሞ የቤት ባለቤት መሆን አለበት። በስፖርቱ ቋንቋ ደግሞ «ማዘውተሪያ ሥፍራ» የሚባል አለ። ማዘውተር መመላለስ ነው፣ ደጋግሞ መምጣት ነው፣ ልማድ ማድረግ ነው። ይህን ቃል ያወጣ ሰው እጁ ይባረክ፤ ሜዳ ሜዳ የሚሆነው ሰው ሲመላለስበት ነው ብሎ በአንድ ቃል ጨርሶታል። እንግዲህ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ከየከተማው ትልልቅ ስታዲየሞች ወደ አንዱ ሂዱና በሩን ግፉት። ሰንሰለት ነው። ከሰንሰለቱ ሥር የጨርቅ ኳስ ያቀፉ ልጆች ቆመዋል።

— ጋሼ፣ ለትንሽ ሰዓት ብቻ!

— ሂዱ ወዲያ! ሣሩ ለውድድር ነው።

— ውድድሩ መቼ ነው?

— እኔ በምን አውቄ!

ዘበኛው ምስኪን የታዘዘውን ነው የተናገረው። የሚያዘወትረው ቁልፉ ብቻ የሆነ ማዘውተሪያ እንዲጠብቅ ተቀጥሯል።

እሺ፣ ሣሩ ለውድድር ይሁን። ውድድሩስ የታለ?

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ኢትዮጵያ ግብጽን 4 ለ 2 አሸንፋ በሉቺያኖ ቫሳሎ አምበልነት የአፍሪካን ዋንጫ አነሳች። በ1960 ዓ.ም. አዲስ አበባና አስመራ፣ በ1968 ዓ.ም. አዲስ አበባና ድሬዳዋ የአህጉሩን ዋንጫ አስተናገዱ። ድሬ ናይጄሪያን፣ ሞሮኮን፣ ሱዳንንና ዛየርን በአንድ ጊዜ የተቀበለች ከተማ ናት። ከ1954ቱ ዋንጫ 60 ዓመት በኋላ፣ ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ ያንኑ ግብጽን 2 ለ 0 ረታነው። ጨዋታው «በሜዳችን» ተብሎ ነው የተመዘገበው። ሜዳችን ግን ሊሎንግዌ ነበር፤ ማላዊ! በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ጋናን «በሜዳችን» የተቀበልናት ጆሃንስበርግ ነው። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ስታዲየሞቻችሁ መስፈርቱን አላሟሉም ስላለን፣ በሰው ቤት እንግዳ ተቀባይ የሆንን ሕዝብ ሆንን።

ይህ ሁሉ የሆነው ስታዲየም አጥተን አይደለም። ባሕር ዳር፣ ሐዋሳ፣ መቀሌ፣ ነቀምቴ ላይ ለቆመው ግንብ የፈሰሰው ሲሚንቶ ቀላል አይደለም። ሰኔ 2007 ዓ.ም. ሌሶቶን 2 ለ 1 ስናሸንፍ ባሕር ዳር ላይ ያ ሁሉ ሕዝብ የተሰበሰበው በሰው ሀገር አልነበረም። ያጠረን ከሲሚንቶው በኋላ የሚመጣው ነው። ውሃ የማይቋረጥበት መጸዳጃ፣ የሚዘጋ በር ያለው መልበሻ ክፍል፣ የሚበራ መብራት፣ የማይነቃነቅ ወንበር፣ ሣር ማጠጣትና ማጨድ ሥራዬ ብሎ የያዘ ሰው። ግንብ ሪባን አለው፣ ካሜራ አለው፣ ንግግር አለው። የቧንቧ ጥገና ምን አለው? ቧንቧ ሲጠገን ጭብጨባ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

በአውሮፓውያኑ 2020 ይካሄዳል የተባለው፣ በየሀገሩ ሊግ የሚጫወቱ ተጫዋቾች የሚሳተፉበት የአፍሪካ ዋንጫ፣ ቻን፣ ለእኛ ተሰጥቶን ነበር። አልደረስንም፤ ለካሜሩን ተሰጠ። ኬንያም ከእኛ በፊት የ2018ቱን ተነጥቃ ለሞሮኮ ተላልፎባታል። እንግዲህ ከአንድ ጉድጓድ የወደቅን ጎረቤታሞች ነን። ኬንያ ግን ከኡጋንዳና ከታንዛኒያ ጋር ተጋግዛ በነሐሴ 2017 ዓ.ም. ያንኑ ውድድር በሜዳዋ አካሄደች። እኛ በቴሌቪዥን አየን።

የኮሚሽን ሰዎች ለዚህ መልስ አላቸው፤ መልሳቸውም ሙሉ በሙሉ ስህተት አይደለም። «ሜዳውን ለሁሉም ብንከፍተው ሣሩ በሁለት ሳምንት አፈር ይሆናል፤ ከዚያ ማን ያመጣልናል ውድድር?» ይላሉ። እውነት ነው፤ አንድ ሜዳ የከተማ ልጆችን ሁሉ ችሎ ለሊግም አይበቃም። በቀን ሁለት ጨዋታ ሲደራረብበትና ዝናብ ሲጨመርበት እንኳ ምን እንደሚመስል አይተናል። ነገር ግን ይህ ክርክር ወዴት እንደሚወስድ ልብ በሉ። ዋናው ሜዳ መጠበቅ ካለበት በዙሪያው አሥር ትንንሽ ሜዳዎች ሊኖሩ ይገባል። ዋናውን ቆልፎ ትንንሾቹን ያስበላ መሥሪያ ቤት «ሣር እየጠበቅሁ ነው» ማለት አይችልም።

ትንንሾቹስ የት ሄዱ? የአንዱ ሰፈር ሜዳ ኮንዶሚኒየም ሆነ፤ የሌላው የመኪና ማቆሚያ፤ የሌላው ደግሞ በቆርቆሮ ታጥሮ የማን እንደሆነ እንኳ አይታወቅም። በከተማ ፕላን ፊት ሜዳ «ባዶ ቦታ» ነው። ጃንሜዳን አስታውሱ። በየዓመቱ ዓለም አቀፍ አገር አቋራጭ የሚሮጥበት፣ ጥምቀት የሚከበርበት፣ እሑድ እሑድ የጤና ቡድኖች ቦርጫቸውን ይዘው የሚራወጡበት ሜዳ ነው። በ2012 ዓ.ም. በኮሮናው ምክንያት የአትክልት ተራ ገበያ ወደዚያ ሲዛወር ችግሩ ችግር ነበርና ሰው እሺ አለ። ገበያው ወራት ቆየ፤ ሽንኩርቱ ወጥቶ ሜዳው እንደገና ሜዳ እስኪሆን ብዙ ተለፋ። አንድም ባለሥልጣን ወረርሽኙን አመጣ አልልም። የምለው፣ ቦታ ሲጠብ መጀመሪያ ዓይን የሚያርፈው ሜዳ ላይ ነው። በዚያች ሰዓት ብድግ ብሎ «ይህ ባዶ ቦታ አይደለም፤ ሰው አለበት!» የሚል አንድ መሥሪያ ቤት ያስፈልጋል። ስሙም ስፖርት ኮሚሽን ነው። ካላለ ምን ያደርግልናል?

ከተማ እንግዳ የምትስበው በግንብ ብቻ አለመሆኑን ደግሞ ሩቅ ሳንሄድ እናውቀዋለን። በቆጂ የአርሲ ትንሽ ከተማ ናት። ደራርቱ ቱሉ፣ ፋጡማ ሮባ፣ ቀነኒሳ በቀለ፣ ጥሩነሽ ዲባባ ከዚያች አካባቢ ወጡ። እዚያ የመምህርነት ሥራውን ወደ ሩጫ ሜዳ ይዞት የወጣ ስንታየሁ እሸቱ የሚባል አሠልጣኝ ነበራቸው፤ ሜዳው አፈር ነበር። ግን ይዘወተራል! የውጭ ጋዜጠኛና ፊልም ሠሪ በቆጂ ድረስ የሚሄደው ያንን ሊያይ ነው። ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያም ኅዳር 1994 ዓ.ም. በ10 ሺህ ሰው ሲጀመር ስታዲየም አልጠየቀም፤ አስፋልትና ሕዝብ በቃው። ዛሬ ሰው ከባሕር ማዶ ትኬት ቆርጦ የሚመጣበት ሩጫ ነው። የሚመጣው እኛ ስለምንሮጥበት ነው። ቤተኛው ያልተደሰተበት ድግስ ላይ እንግዳም ብዙ አይቆይ።

ለዚህ ነው ሕዝብን መደገፍና ውድድር መሳብ ሁለት የተለያዩ ዕቅዶች ናቸው የሚለውን ወሬ የማልቀበለው። በሪፖርቱ ላይ ለየብቻ ይጻፋሉ፤ አንዱ «የኅብረተሰብ ተሳትፎ» በሚል ርዕስ በመቶኛ ይሞላል፣ ሌላው «የስፖርት ቱሪዝም» በሚል ርዕስ በፎቶግራፍ ያጌጣል። ሜዳ ላይ ግን አንድ ናቸው። ልጆች የሚጫወቱበት ሜዳ ቧንቧው ሲሰበር በማግስቱ ይታወቃል፤ እናት ትጮሃለች፣ አሠልጣኝ ይከሳል፣ ቀበሌው መግቢያ ያጣል። የተቆለፈ ስታዲየም ቧንቧ ሲሰበር የሚያውቀው ከሦስት ዓመት በኋላ መስፈርት ይዞ የሚመጣ የውጭ ሰው ነው። ጥገናን የሚወልደው የሕዝቡ መመላለስ ነው። ስፖርት በሕዝብ ባለቤትነት ይመራ የሚለው አሳብ በ1990 ዓ.ም. በወጣው ብሔራዊ ፖሊሲ ውስጥ የተቀመጠ ነው፤ አዲስ ነገር አላመጣሁም።

ስለዚህ፣ ጎበዝ፣ በሚቀጥለው ጊዜ የከተማችሁ ኮሚሽን ሕዝብ ሰብስቦ ሪፖርት ሲያቀርብ ከማጨብጨባችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁልኝ። አንደኛ፣ በዚህ ዓመት ከነካርታው ያስከበራችሁት የሰፈር ሜዳ ስንት ነው? ያሠራችሁትን አላልኩም፤ ከመበላት ያዳናችሁትን። ሁለተኛ፣ ትልቁ ስታዲየም በሳምንት ስንት ሰዓት ለማን ክፍት ነው? የትምህርት ቤት ቡድን፣ የሴቶች ቡድን፣ አካል ጉዳተኞች ሰዓታቸው ስንት ነው? ወረቀቱ በሩ ላይ ይለጠፍ፤ ዘበኛውም «እኔ በምን አውቄ» ከማለት ይዳን። ሦስተኛ፣ ባለፈው ውድድር ከገባው ገንዘብ ለሜዳው ጥገና ስንት ተመለሰ? በዚህ ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ስብሰባው ሻይ እረፍት ከወጣ መልሱን አግኝታችኋል።

«በጀት የለም» ይሏችኋል። ሜዳ ማስከበር በጀት አይፈልግም፣ ደብዳቤና ወኔ ይፈልጋል። የሰዓት ድልድል ማውጣት አንድ ወረቀት ነው። እነዚሁ ከተሞች ስማቸውን ለሚሸከመው ክለብ ለተጫዋች ደመወዝ ከሕዝብ ካዝና ገንዘብ ሲከፍሉ በጀት አልጠፋም። የዚያ ክለብ የነገ አጥቂ ደግሞ አሁን ከሰንሰለቱ ሥር የጨርቅ ኳስ አቅፎ የቆመው ልጅ ሊሆን ይችላል። ለእሱ በሩን ዘግቶ ከሌላ ከተማ ተጫዋች በውድ መግዛት ምን ዓይነት ሂሳብ ነው?

አበው ለቤተሰቡ እሾህ፣ ለውጭ ሰው ምንጣፍ የሚሆነውን ሰው «የቤት ቀጋ፣ የውጭ አልጋ» ይሉታል። እንዲህ ያለ ሰው ትንሽ ይቆይና እንግዳውም ይነቃበታል፤ የቤቱን ልጆች ፊት አይቶ የአልጋውን ምቾት ይጠረጥራል። የእኛም እንግዳ ነቅቷል። መስፈርቱን ይዞ መጣ፣ ቧንቧውን ከፈተ፣ አልወረደም። ሊሎንግዌ ላይ ለተጫወትነው ጨዋታ ምክንያቱን ኮንፌዴሬሽኑ ጽሕፈት ቤት አትፈልጉት። ምክንያቱ እዚሁ ነው፤ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ በተቆለፈው በር ላይ ተንጠልጥሏል።