ፊት ለፊት ስንል የት ማለታችን ነው?

ባለፈው ወር ሁለት ጓደኞቻችን ከአንድ የውጭ አገር እንግዳ ጋር ብሔራዊ ሙዚየም ዘንድ ቀጠሮ ነበራቸው። ቦታውን በእንግሊዝኛ ጽፎ የላከው ከሁለቱ አንዱ ሲሆን፣ የጻፈውም ‹‹ኢን ፍሮንት ኦፍ ዘ ሚውዚየም›› የሚል ነበር። እንግዳው እንደ ተጻፈለት ከሙዚየሙ በር ላይ ቆመ። ጓደኞቻችንም እነርሱ እንደ ገባቸው ከሙዚየሙ ፊት ለፊት፣ ማለት ከመንገዱ ማዶ ቆሙ። የእንግዳው ስልክ የአገራችንን መስመር ገና አልያዘም ነበር። በመካከላቸው ታክሲና አውቶቡስ ሲመላለስ አርባ ደቂቃ ያህል ተጠባብቀው፣ ሁሉም ቀጠሮ አክባሪ ጠፋ እያለ በየፊናው ተመለሰ። ይህን የሰማን ሁሉ ሳቅን። ሲያድር ግን፣ ከእኛ መካከል ያችን አንዲት መስመር ከዚያ አሻሽሎ የሚጽፍ ስንት ሰው እንዳለ ብንጠያየቅ መልሱ አሳፈረን።

መቼም እንግሊዝኛን ከአንደኛ ክፍል ጀምረን ስንማረው ኖረናል፤ ከዘጠነኛ ክፍል ወዲህ ደግሞ ሒሳቡንም ሳይንሱንም በእርሱ ተምረናል። መንገድ ስለ መጠየቅና ስለ ማመልከት የሚያስተምረውን ምዕራፍ የማያስታውስ ተማሪ አለ ብለን አናምንም። በመጽሐፉ ላይ አንዲት የተሣለች ከተማ ነበረች። መንገዶቿ በማስመሪያ የተሰመሩ፣ እያንዳንዳቸው ስም ያላቸው፣ ቀጥ ብለው የሚቋረጡ ናቸው። ባንኩ ከፖስታ ቤቱ ጎን፣ ዳቦ ቤቱ ከሲኒማው ማዶ ነው። አንዱ ተማሪ ‹‹ኤክስኪዩዝ ሚ፣ ዌር ኢዝ ዘ ፖስት ኦፊስ?›› ይላል፤ ሌላው ‹‹ጎ ስትሬት፣ ተርን ሌፍት፣ ቴክ ዘ ሰከንድ ስትሪት ኦን ዘ ራይት›› ብሎ ይመልሳል። መምህሩም ‹‹ጎበዝ፣ ተቀመጥ›› ይላሉ። አሥር ከአሥር ያገኘንባት ከተማ ነች። ጉዳቱ ማናችንም እዚያች ከተማ ውስጥ አለመኖራችን ነው።

የምንኖርባትን አዲስ አበባን እንይ። ከስድስት ኪሎ ወደ አራት ኪሎ የሚወርደው መንገድ በካርታ ላይ የንጉሥ ጆርጅ ስድስተኛ መንገድ ተብሎ ተጽፏል። ይህን ስም ጠርቶ ታክሲ የተሳፈረ ሰው አይተን አናውቅም። የእኛ ሰው መንገድ የሚያመለክተው በሌላ ዘዴ ነው። መጀመሪያ ሁሉም የሚያውቀውን ነገር ይጠራል፤ አደባባይ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ፣ ድልድይ፣ ሐውልት። ከዚያ ‹‹አለፍ ብሎ››፣ ‹‹ከፍ ብሎ››፣ ‹‹ዝቅ ብሎ››፣ ‹‹ገባ ብሎ›› እያለ ያደርሳል። ቀኝና ግራ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው፤ እርሱም በእጅ ጭምር ካልታየ የሚታመን አይደለም። (ግራ መጋባት የሚለውን ቃል አያቶቻችን በከንቱ አላወጡትም።) ይህንን ዘዴ ኋላ ቀርነት ነው ለሚሉን አንስማማም፤ ያስገኘው የከተማው አቀማመጥ ነው። አዲስ አበባ በእንጦጦ ግርጌ በተዳፋት ላይ የተሠራች ስለሆነች፣ ‹‹ወደ ላይ›› ያለ ሰው ወደ እንጦጦ፣ ‹‹ወደ ታች›› ያለ ሰው ወደ ለገሃር ማለቱ እንደሆነ ያለ ኮምፓስ ይታወቃል።

ይህን ዕውቀት ይዞ ወደ እንግሊዝኛ ለመሻገር የሚሞክር ተማሪ ግን ረዳት የለውም። ‹‹ጎ አፕ›› ይላል። እንግሊዝኛ ተናጋሪው ለሜዳ መንገድም ‹‹አፕ ዘ ሮድ›› ማለት የለመደ ስለሆነ፣ ዳገት መውጣት እንዳለበት ከዚህ ቃል አይረዳም። ‹‹አፕሂል›› እና ‹‹ዳውንሂል›› የሚሉ ሁለት ቃላት ቢጨመሩለት ኖሮ የከተማችንን ግማሽ ማስረዳት በቻለ ነበር። እኛ ግን በጀማሪው ምዕራፍ ውስጥ አላገኘናቸውም፤ ያች የተሣለች ከተማ ሜዳ ላይ ነበረች።

‹‹ፊት ለፊት››ም እንዲሁ ነው። በአማርኛ ከሙዚየሙ ፊት ለፊት ሲባል አብዛኛውን ጊዜ ከመንገዱ ወዲያ ማለት ነው፤ በሩ ላይ ከሆነማ ‹‹በሩ ጋ›› ወይም ‹‹ደጃፉ ላይ›› እንላለን። ‹‹ኢን ፍሮንት ኦፍ›› የሚለው ግን ይህንኑ ደጃፉን ነው። ማዶውን ለመናገር ‹‹ኦፖዚት›› ወይም ‹‹አክሮስ ዘ ስትሪት ፍሮም›› ማለት ያስፈልጋል። ሁለቱንም ‹‹ፊት ለፊት›› እያልን ስለተረጎምናቸው፣ ተማሪው መጀመሪያ የሰማውን ይዞ ይሄዳል። አንድ መስመር ማብራሪያ ጓደኞቻችንን ከዚያ ሁሉ ፀሐይ ባዳናቸው ነበር።

ከሁሉ የገረመን የጊዜው ነገር ነው። በመጽሐፉ ከተማ ሁሉም ነገር ‹‹ኢዝ›› ነው፤ ባንኩም አለ፣ ፖስታ ቤቱም አለ። እኛ ዘንድ መንገድ የሚመለከተው በሌለ ነገር ጭምር ነው። ለገሃር የሚለው ስም ከፈረንሳይኛ የመጣ ሆኖ ባቡር ጣቢያ ማለት ነው፤ የጅቡቲው ባቡር አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነበር። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የጅቡቲ ባቡር ግን የሚነሣው ከከተማው ዳር፣ ከፉሪ ለቡ ነው። ፈረንሳይኛ የሚያውቅ እንግዳ ለገሃር ሲባል ሰምቶ ሻንጣውን ተሸክሞ ቢወርድ የጅቡቲን ባቡር አያገኝም። ፒያሳም በ2016 ዓ.ም. ለኮሪደር ልማት ሲባል ብዙ ቤቶቿ ፈርሰው መልኳ ተለውጧል፤ ሰው ግን ‹‹ድሮ እንትን ቤት የነበረበት ጋ›› እያለ ይቀጣጠራል። እንግዲህ ‹‹ዩዝድ ቱ ቢ›› የሚለው አነጋገር ለአዲስ አበባ ጀማሪ በመጀመሪያው ሳምንት የሚያስፈልግ ነው። እኛ ያገኘነው ከስንት ዓመት በኋላ፣ ለሰዋስው ፈተና ብለን ነው።

አክብሮቱም ራሱን የቻለ ጣጣ አለው። በአማርኛ ‹‹በግራ በኩል ይታጠፉ›› የምንላቸውን አዛውንት በእንግሊዝኛ ‹‹ተርን ሌፍት›› ስንላቸው ያዘዝናቸው እየመሰለን ቃሉ ጉሮሮአችን ላይ ይቀራል። ስለዚህ በየቃሉ ‹‹ፕሊዝ›› እንደረድራለን። መንገድ ሲያመለክቱ እንዲህ ያለው አነጋገር በእንግሊዝኛ ነውር አለመሆኑን፣ ‹‹ፕሊዝ›› የሚያምረውም ከጠያቂው አፍ እንጂ ከመላሹ አለመሆኑን የነገረን አልነበረም። ደግሞስ የእኛ ሰው የጠየቀውን እንግዳ ባዶውን መመለስ አይሆንለትም። ‹‹ኢዝ ዚስ ዘ ዌይ ቱ ፒያሳ?›› ቢሉት ባያውቀውም ‹‹የስ›› ይላል፤ ሩቅ ነው ወይ ቢሉት ‹‹ኖ፣ ቬሪ ኒር›› ይላል። ደግነት ነው፤ ሰውን ግን ከመንገድ ያስቀራል። ጠያቂው ‹‹ይህ ነው ወይ?›› በማለት ፋንታ ‹‹የትኛው ነው?›› ብሎ መጠየቅን፣ ተጠያቂው ደግሞ ‹‹ሶሪ፣ አይ ዶንት ኖው›› ማለትን ቢለማመዱ ብዙ እግር ከድካም ይድን ነበር።

‹‹ይህ ሁሉ ለፈረንጅ ምቾት ነው ወይ?›› የሚለን አይጠፋም። በዚህ ዓመት መጀመሪያ አንድ አዲስ ገቢ ተማሪ ማታ አሞት ወደ ሐኪም ቤት ለመሄድ ብቻውን ወጣ። አማርኛ የአፍ መፍቻ ቋንቋው ስላልሆነ፣ ለመናገርም ገና ስላልደፈረው፣ ያገኘውን ሰው በእንግሊዝኛ ጠየቀ። የተጠየቀው ከእኛው አንዱ ነው፤ ሦስት ዓመት የኖረበትን ሠፈር ጠንቅቆ ያውቃል። ‹‹ጎ አፕ፣ ቬሪ ኒር፣ ኢን ፍሮንት ኦፍ ዘ ፋርማሲ›› ብሎ አሰናበተው። ልጁ ፋርማሲው ጋ ደርሶ የተዘጋ በር አገኘ፤ ደረጃው ላይም ተቀመጠ። ሐኪም ቤቱ ከመንገዱ ማዶ ነበር። ዘበኛ አይቶት ባያሻግረው ኖሮ እዚያው ያድር ነበር። ልጁ ድኗል። ያ ጓደኛችን ‹‹ና፣ ላድርስህ ማለት ነበረብኝ›› እያለ እስከ ዛሬ ይቆጫል፤ እውነቱን ነው። ሆኖም ሁልጊዜ አብሮ የሚሄድ ሰው አይገኝም። የስልክ ካርታ አለ የሚሉም አሉ፤ ያ ልጅ በዚያ ማታ ኢንተርኔት የሚሞላበት ገንዘብ አልነበረውም።

እንግሊዝኛ በዚህ ግቢ ከአራቱም ማዕዘን የመጣን ተማሪዎች ስንገናኝ የምንሞክረው ቋንቋ ነው። ስለዚህ መጽሐፉ እስኪታረም አንጠብቅ እንላለን። ነባር ተማሪዎች ከዋናው በር ተነሥቶ ወደ ክሊኒኩ፣ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ፣ ወደ ምግብ አዳራሹና ወደ ሬጅስትራር የሚያደርሰውን መንገድ በቀላል እንግሊዝኛ ይጻፉ፤ ዳገቱም፣ ማዶውም፣ ድሮ የነበረውም ይግባበት። ከዚያ ቦታውን አይቶት የማያውቅ አዲስ ገቢ ወረቀቱን ብቻ ይዞ ይሂድ። የጠፋበት መስመር ይሰረዝና እንደገና ይጻፍ። ወደ ክሊኒኩ የሚያደርሰውን እኛ ጽፈን ሞክረነዋል፤ ልጁ ሁለት ጊዜ ጠፍቶብን በሦስተኛው ደረሰ። የቀሩትን ለመጻፍ የምትፈቅዱ ሁሉ ዓርብ ከምሳ በኋላ ከማኅበሩ ጽሕፈት ቤት እንገናኝ፤ በሩ ላይ እንጂ ማዶ አይደለም።