የመንጋው ስሌት የሚዘገየው የት ነው?

«የግራፊክስ ፕሮሰሰር ከሌለ በመንጋ ስልት የሚሠራ ምርምር ከንቱ ድካም ነው» የሚለውን ጽሑፍ አጥብቄ እቃወማለሁ፤ ወጣት ተመራማሪዎቻችንን ያለ አግባብ ተስፋ ያስቆርጣልና።

ጸሐፊው የስሌቱ ጊዜ የሚያልቀው የት እንደሆነ አልጠየቁም። የጉማራ–ማክሰኝትን ተፋሰስ እንውሰድ፤ ስዋት (SWAT) በተባለው የተፋሰስ ሞዴል የወራጅ ውኃና የደለል ጥናት የተደረገበት ነው። እንዲህ ያለውን ሞዴል ከመስክ ልኬት ጋር ለማጣጣም ኬኔዲና ኤበርሃርት በ1995 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቁትን የቅንጣቶች መንጋ ስልት መጠቀም ይቻላል። እያንዳንዷ ቅንጣት አንድ የመለኪያዎች ስብስብ ናት፤ ብቃቷ የሚታወቀው ግን ሞዴሉ የዓመታቱን ዝናብና ፍሰት አስልቶ ሲጨርስ ነው። የቅንጣቶቹን ፍጥነትና ቦታ ማደስ ጥቂት መደመርና ማባዛት ብቻ ነው። ስዋት ደግሞ በፎርትራን የተጻፈ፣ ፋይል እያነበበ ፋይል የሚጽፍ፣ ለተራ ፕሮሰሰር የተሠራ ፕሮግራም ነው። ከ100 ሰዓት 99ኙን ሞዴሉ ከወሰደ፣ መንጋውን ሺህ እጥፍ ብናፈጥነው እንኳ የምናተርፈው አንድ ሰዓት አይሞላም። የኮምፒውተር ባለሙያው ጂን አምዳል ይህን መርሕ በ1967 እ.ኤ.አ. አስረድተዋል።

መፍትሔው ቅርብ ነው። በአንድ ዙር ውስጥ ቅንጣቶቹ አንዳቸው ሌላውን ስለማይጠብቁ፣ ሌሊት ሥራ የፈቱ የቤተ ሙከራ ኮምፒውተሮች ሊከፋፈሏቸው ይችላሉ።

የብቃት ቀመሩ ራሱ ለግራፊክስ ፕሮሰሰር በሚያገለግለው በኩዳ (CUDA) ሊጻፍ ሲችል፣ ቅንጣቶቹም በሺዎች ሲቆጠሩ የግራፊክስ ፕሮሰሰር ትርፉ እውነተኛ ነው። ለግዢው የውጭ ምንዛሪ ከማውጣት በፊት ግን ፕሮግራሙ ጊዜውን የት እንደሚያጠፋ ይለካ። ጸሐፊው ይህን ልኬት አላቀረቡም።