ዳኛ ሲሳሳት ይባረር?

ዳኛ በተሳሳተ ቁጥር «ይባረር!» ለምትሉ ወዳጆቼ፣ የኖርም ሻክተርን ታሪክ እስቲ ልንገራችሁ (ዓመቶቹ በፈረንጆቹ ናቸው)።

ሰውዬው ሎስ አንጀለስ ውስጥ የእንግሊዝኛ አስተማሪ፣ ኋላም ርዕሰ መምህር ነበር። እሁድ እሁድ ደግሞ የአሜሪካን ፉትቦል ይዳኛል። በ1967 የመጀመሪያውን ሱፐር ቦውል የመራው እሱ ነው። በዚያው ዓመት የመጨረሻ ቀን ግሪን ቤይ ላይ ብርዱ ከዜሮ በታች 25 ዲግሪ ሆኖ የብረት ፊሽካው ከንፈሩ ላይ ተጣበቀ፤ ሲያላቅቀው ቆዳው አብሮ ተነሳ። ጨዋታውን ያለ ፊሽካ፣ እየጮኹ ጨረሱት።

በ1968 ግን ጉድ መጣ። በዚህ ስፖርት አንድ ቡድን ኳሱን 10 ያርድ ለመግፋት አራት ሙከራ አለው። ራምስ ከቤርስ ሲጫወት፣ ማብቂያው አካባቢ፣ ሻክተርና አምስት ባልደረቦቹ በቆጠራ ስህተት አንዱን ሙከራ አሳጡት። ራምስ 17 ለ16 ተሸነፈ። ሊጉም ስድስቱንም ለቀሪው የውድድር ዘመን አገዳቸው።

ከዚያስ? ሻክተር ቅጣቱን ጨርሶ ተመለሰ። በ1971 እና በ1976 ሁለት ሱፐር ቦውል ዳኘ። በ1981 ባሳተመው ማስታወሻው ርዕስ ላይም «ኑዛዜ» የሚል ቃል አለ።

በእኔ እምነት መሆን ያለበት እንዲህ ነው። ለራምስ ውጤቱ አልተመለሰለትም፤ ያ ያንገበግባል። ግን ጥፋቱ በአደባባይ ተነገረ፣ ቅጣቱ ልክ ነበረው፣ የሰውዬው ችሎታም ሜዳ ላይ ቀረ። በአንድ ስህተት የምናባርር ከሆነ ቀጣዩ ዳኛ የሚማረው መደበቅን ነው።

እናንተስ ምን ትላላችሁ?