«ቆጠብን» ካላችሁ ቀሪው ብር የታለ?

እናቴ ከጨለለቂ ተነስታ ነቀምቴ ገበያ ደርሳ ስትመለስ አንድ ልማድ ነበራት። ዘንቢሏን ካወረደች በኋላ የነጠላዋን ጫፍ ትፈታና ቀሪውን ገንዘብ ምንጣፉ ላይ ትዘረግፈዋለች። «ጤፉን ይህን ያህል አሉኝ፤ ተከራክሬ በዚህን ያህል ገዛሁ» ብላ ብቻ አታበቃም፤ ልዩነቱን ቆጥራ ታሳያለች። አባቴም ዝም አይልም። ከጤፉ ዘገን አድርጎ ያየዋል። አሸዋ አለው? ነቅዟል? እንግዲህ በእኛ ቤት «ተረፈ» የሚባለው ቀሪው ገንዘብ በዓይን ሲታይ፣ የተገዛውም ነገር በእጅ ሲዳሰስ ነበር።

ውድ አንባቢያን፣ የእናቴን ነጠላ ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በጀት በተዘጋ ቁጥር የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች፣ ዩኒቨርሲቲዎችም ጭምር፣ መድረክ ላይ እየወጡ «በግዥ ይህን ያህል ሚሊዮን ብር አዳንን» ሲሉ እንሰማለን። ይጨበጨባል። ዜናው ይነበባል። ከዚያስ? ከዚያ ወዲያ ጠያቂ የለም! ለመሆኑ ከምን ላይ ነው የዳነው? ማን ለካው? ደግሞስ የዳነው ብር አሁን የት ነው ያለው? የነጠላውን ጫፍ የሚፈታልን ጠፋ።

አንድ ወንበር፣ ሦስት ሒሳብ

እኔ ራሴ ወለጋ ውስጥ በአንድ መንግሥታዊ መሥሪያ ቤት (ስሙን አልጠራም) ግዥ ክፍል ውስጥ ሠርቻለሁ። ስለዚህ የምናገረው ከሩቅ ሆኜ አይደለም። ጨረታ ከመውጣቱ በፊት «የዋጋ ግምት» የሚባል ወረቀት ይዘጋጃል። አንድ ጊዜ አለቃችን ግምቱን አየና «ትንሽ ከፍ አድርጉት፤ ኋላ እንዳናፍር» አለን። ከፍ አደረግነው። ጨረታው ከግምቱ በታች ወረደ። በሪፖርታችን ላይ «ከፍተኛ ቁጠባ ተገኘ» ተባለ። እኔም እጄን አንስቼ አጨበጨብኩ። እግዜር ይቅር ይበለኝ!

ነገሩን በቁጥር እንየው። ለምሳሌ ያህል እንበል፤ አንድ የተማሪ ወንበር በ2,000 ብር ተገመተ፤ በ1,600 ብር ተገዛ። ያው ወንበር አምና የተገዛው በ1,500 ብር ነበር። በዚያው ሳምንት ገበያ ወጥቶ የጠየቀ ሰው ደግሞ በ1,450 ያገኘዋል። አንድ ሺህ ወንበር ተገዛ እንበል። ከግምቱ አንጻር 400,000 ብር «ቆጥበናል»። ከአምናው አንጻር 100,000 ብር ጨምረናል። ከገበያው አንጻር ደግሞ 150,000 ብር ከስረናል። ወንበሩ አንድ፣ ደረሰኙ አንድ፣ መልሱ ግን ሦስት! ታዲያ ሪፖርት አቅራቢው ከሦስቱ የቱን ይመርጣል? እሱንማ እናንተም ታውቁታላችሁ።

በእርግጥ የአምናው ዋጋም ሁልጊዜ ሐቀኛ ሚዛን አይሆንም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። በዚያ ዓመት ኮምፒዩተርም ሆነ የቤተ ሙከራ ኬሚካል በአምናው ዋጋ አምጣ ብሎ የግዥ ሠራተኛን መውቀስ ግፍ ነው። ጭማሪው 90 በመቶ ሊሆን ሲል ተደራድሮ 60 በመቶ ላይ ያቆመ ሠራተኛ ሥራ ሠርቷል፤ ይመስገን! ነገር ግን ይህ «ሊመጣ የነበረ ወጪን ማስቀረት» ነው እንጂ ካዝና ውስጥ የገባ ብር አይደለም። ሁለቱን ቀላቅሎ «ቆጠብን» ማለት ያልታለበን ወተት ቅቤ ብሎ እንደ መሸጥ ነው።

ይህ በሽታ የእኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የብሪታኒያ መንግሥት መሥሪያ ቤቶች 13.3 ቢሊዮን ፓውንድ አተረፍን ብለው ሪፖርት ባደረጉ ጊዜ የአገሪቱ ብሔራዊ ኦዲት መሥሪያ ቤት በ2007 እ.ኤ.አ. ሒሳቡን መረመረው። በትክክል ይታመናል ያለው 26 በመቶውን ብቻ ነበር። 51 በመቶው ጥርጣሬ ያለበት፣ 23 በመቶው ደግሞ ጭራሹን የተሳሳተ ሊሆን የሚችል ሆኖ ተገኘ። በአሜሪካ አሥር ካምፓሶች ያሉት የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በ2012 እ.ኤ.አ. በግዥ በዓመት 200 ሚሊዮን ዶላር ለማትረፍ ዘመቻ ሲጀምር የዋጋ ቅነሳን ለብቻ፣ የተወገደ ጭማሪን ለብቻ፣ ከአቅራቢ የተመለሰ ገንዘብን ለብቻ መመዝገብ ያስፈለገው ለዚሁ ነው። ፈረንጅ ስለሆነ አይዋሽም ለማለት አይደለም። ይዋሻል! ልዩነቱ ውሸቱን የሚለካ ሚዛን ማስቀመጡ ላይ ነው።

ሰኔና ሰኞ

ወደ አገራችን እንመለስ። በጀታችን የሚዘጋው ሰኔ 30 ነው። ከመንግሥት ግምጃ ቤት የተመደበ፣ በዓመቱ ሥራ ላይ ያልዋለ ገንዘብ ወደ ገንዘብ ሚኒስቴር ይመለሳል። ስለዚህ ሰኔ ሲገባ የግዥ ክፍሎች ሩጫ ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ያውቀዋል። «ብሩ ተመላሽ ከሚሆን ይገዛ!» ነው ነገሩ። ገንዘብ የመለሰ ኃላፊ ደግሞ «የመጠቀም አቅም የለውም» ይባላል፤ የከርሞ በጀቱም እንዳይቀነስበት ይፈራል። አያችሁልኝ? በእውነት የቆጠበ የሚፈራበት፣ በወረቀት የቆጠበ የሚጨበጨብለት አሠራር!

ለዚህ ነው በአንድ ሪፖርት ውስጥ «በጀታችንን ሙሉ በሙሉ ተጠቅመናል» እና «ይህን ያህል ሚሊዮን ቆጥበናል» የሚሉ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ጎን ለጎን ተቀምጠው የምናገኘው። ሁለቱም እውነት ሊሆኑ ይችላሉ፤ አልክድም። ከወንበሩ የተረፈው ለመጽሐፍ ውሎ ሊሆን ይችላል። እንዲያ ከሆነ ግን «ከዚህ ተርፎ እዚህ ገባ» ብሎ መጻፍ ምን ይቸግራል?

ሕግ የለም እንዳንል አለ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት የግዥና የንብረት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 649 ለገንዘብ ተመጣጣኝ ጥቅም ማግኘትን ከመርሆቹ አንዱ አድርጎ ነበር። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1333 ተተክቷል። አቶ ገመቹ ዱቢሶ ዋና ኦዲተር በነበሩባቸው ዓመታትም ዩኒቨርሲቲዎች የግዥ ሥርዓት ሳይከተሉ በመግዛት በፓርላማ ፊት ስማቸው ደጋግሞ ተነስቷል። ነገር ግን የሒሳብ ኦዲት በዋናነት የሚጠይቀው «በሕጉ መሠረት ገዛችሁ ወይ?» ብሎ ነው። «አተረፍን ያላችሁት እውነት ተርፏል ወይ?» የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው። ሦስት ፕሮፎርማ ተሰብስቦ፣ ፊርማው ተሟልቶ፣ ማኅተሙ አርፎ በውድ ዋጋ መግዛት ይቻላል። እኔ አይቼዋለሁ።

ርካሽ ማለት ቁጠባ ማለት አይደለም። እኛ መሥሪያ ቤት በዝቅተኛ ዋጋ ያሸነፈው ወንበር ዓመት ሳይሞላው እግሩ ተነቀለ። ለብየዳ ከፈልን። ሁለተኛ ተነቀለ፤ ሌላ ገዛን። ለሁለተኛው ግዥም «ቁጠባ» ተመዘገበለት! አንድ ሰው አንድ ኪሱን ቀዶ ሁለት ጊዜ አተረፍኩ ሲል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? የግዥ ሠራተኛውንም አልኮንነውም። ከዝቅተኛው ዋጋ ከፍ ያለውን ጠንካራ ወንበር ቢመርጥ «ማን ምን ሰጠህ?» መባልን ይፈራል።

የመንገዱም ነገር አለ። ነቀምቴ ከአዲስ አበባ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ባለፉት ዓመታት በአካባቢያችን በነበረው ግጭት መንገዱ ሲዘጋ፣ ሲከፈት፣ የጭነት ዋጋም ሲንር የኖርንበት ነው። አዲስ አበባ ላይ በማዕቀፍ ስምምነት የተገኘ ጥሩ ዋጋ ነቀምቴ ሲደርስ ሌላ ነው። በ1999 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የወለጋ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በጊምቢና በሻምቡም ካምፓስ አለው። ጭነቱን ያልደመረ ሒሳብ ግማሽ ሒሳብ ነው።

የማን ብር ነው?

«አንተ ምን አገባህ?» የሚለኝ አይጠፋም። እኔንማ ግብር ከፋይ ነኝና ያገባኛል። ከእኔ ይልቅ የሚያገባው ግን ተማሪው ነው። ከ1996 ዓ.ም. ወዲህ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የወጪ መጋራት ውል እየፈረመ ነው የሚማረው። የምግቡና የመኝታው ወጪ ዕዳ ሆኖ ይጻፍበታል፤ ተመርቆ ሲሠራ ይከፍላል። ስለዚህ ካፌው በውድ የገዛው ሽሮና ዱቄት የገበሬው ልጅ የነገ ዕዳ ነው።

የተማሪ የቀን ምግብ በጀት ለብዙ ዓመታት 15 ብር ነበር፤ ኋላ 22 ሆነ፤ በ2017 ዓ.ም. 100 ብር ደረሰ። መጨመሩ ተገቢ ነው፤ በ22 ብር ሦስት ጊዜ መብላትማ ተአምር ነው! ነገር ግን አስቡት። አንድ ካፌ ተማሪውን በ85 ብር አበላሁ ቢል 15 ብር ቆጠበ እንላለን? ዱቄቱን በድርድር አርክሶ ከሆነ አዎ። ዳቦውን አሳንሶ ከሆነ ግን ያ ቁጠባ አይደለም፤ ከልጅ አፍ መንጠቅ ነው። በወረቀቱ ላይ ግን ሁለቱም አንድ ዓይነት ቁጥር ናቸው።

ታዲያ ምን ይደረግ?

የምጠይቀው ቀላል ነገር ነው። አንደኛ፣ መነሻ ዋጋው ጨረታ ከመከፈቱ በፊት ይጻፍ፤ የአምናው ዋጋና የሳምንቱ የገበያ ዋጋ ጎን ለጎን ይቀመጡ። ሁለተኛ፣ በእርግጥ የተረፈ ብርና የተወገደ ጭማሪ በተለያየ መዝገብ ይስፈሩ። ሦስተኛ፣ ጭነቱ፣ ጥገናውና ዕቃው ያገለገለበት ዘመን ይደመር፤ ከዓመት በኋላም ተመልሶ ይታይ። አራተኛ፣ ቁጠባውን የሚያረጋግጠው ገዢው ክፍል ራሱ አይሁን፤ በላተኛ ለራሱ አይመስክር። አምስተኛና ዋናው፣ ቀሪው ብር የት እንደገባ በአንድ ገጽ፣ በአማርኛና በኦሮምኛ ተጽፎ የዩኒቨርሲቲው በር ላይ ይለጠፍ። ተማሪው ያንብበው። የከተማው ነጋዴም አይቶ «ኧረ እኔ በዚህ ዋጋ አላቀርብም ወይ?» ይበል።

እናቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ አካውንታንትም አልነበረችም። ግን ቀሪውን ሳታሳይ «ቆጠብኩ» ብላ አታውቅም። ዶክተሮችና ፕሮፌሰሮች የሚመሯቸው ተቋማት እሷ ትሠራው የነበረውን ቢሠሩ ምን ይጎድልባቸዋል? እስከዚያው ግን «አዳንን» ባላችሁ ቁጥር አናጨበጭብም። የነጠላውን ጫፍ ፍቱልን!

ቸር ይግጠመን።