የመድኃኒት ማዘዣም ግልባጭ ያሻዋል

በመሥሪያ ቤት ያለን ሁሉ እንደምናውቀው፥ ደብዳቤ ሲጻፍ ከግርጌው «ግልባጭ» ተብሎ ጉዳዩ የሚመለከታቸው ክፍሎች ይጠቀሳሉ። ይህም የሚደረገው ሁለት ክፍሎች ሳይተዋወቁ በአንድ ጉዳይ ላይ የሚጋጭ ትእዛዝ እንዳያስተላልፉ ነው። ለወረቀት ይህን ያህል የምንጠነቀቅ ሰዎች ለገዛ ሰውነታችን አለመጠንቀቃችን ያስገርማል።

በልደታ ክፍለ ከተማ የጥቁር አንበሳና የባልቻ ሆስፒታሎች ይገኛሉ፤ የግል ክሊኒኮችና መድኃኒት ቤቶችም ብዙ ናቸው። እንግዲህ አንድ ሰው ሰኞ ለወገቡ ሕመም ከአንዱ ሐኪም ዲክሎፌናክ፥ ሐሙስ ደግሞ ለጥርሱ ከሌላው ኢቡፕሮፌን ታዘዘለት እንበል። ሁለቱም ማዘዣዎች ለየብቻቸው ሲታዩ ትክክል ናቸው፤ ነገር ግን አንደኛው ሐኪም የሁለተኛውን ትእዛዝ አላወቀም። መድኃኒቶቹም ስማቸው ይለያይ እንጂ ሥራቸው አንድ ነው። ሕመምና እብጠት የሚያመጣውን ንጥረ ነገር ሰውነት እንዳይሠራ ያግዳሉ፤ ይኸው ንጥረ ነገር ግን የጨጓራን ግድግዳ የሚጠብቅ፥ ለኩላሊትም ደም እንዲደርስ የሚረዳ ነው። ስለዚህ ሁለቱ ባንድነት ሲወሰዱ ጥቅሙ እምብዛም ሳይጨምር የጨጓራ መድማትና የኩላሊት መጎዳት አደጋ ይጨምራል። የደም ግፊት መድኃኒት ለሚወስድ አረጋዊማ አንዱ ብቻውን እንኳ የሐኪም ምክር ያሻዋል።

ትራማዶል ሲጨመር ነገሩ ይከፋል። ይህ ከኦፒየም ወገን የሚቈጠር መድኃኒት ከዳያዜፓም ወይም ከአረቄ ጋር ሲገናኝ ትንፋሽን እስከ ማቆም ሊደርስ ይችላል። ለነርቭ ሕመም ከሚታዘዘው ከአሚትሪፕቲሊን ጋር ሲሆን ደግሞ የሚጥል በሽታን የመሰለ መንቀጥቀጥ ሊያስነሣ ይችላል። ሁሉም የሚንቀው ፓራሲታሞል እንኳ ልክ አለው፤ ጤነኛ ዐዋቂ ሰው በ24 ሰዓት ከ4 ግራም፥ ማለት ባለ 500 ሚሊግራሙን ከ8 ፍሬ ማሳለፍ የለበትም። በብዙ የጉንፋን መድኃኒት ውስጥ ተደባልቆ ስለሚገኝ፥ ሳያውቁት ልኩን አልፎ ጉበትን መጉዳት ቀላል ነው።

እንዲህ ስንል መድኃኒት ማጣመር ሁሉ ክፉ ነው ማለታችን አይደለም። የዓለም የጤና ድርጅት በ1986 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ለካንሰር ሕመም ባወጣው መመሪያ፥ ልዩ ልዩ ዓይነት ማስታገሻዎችን በደረጃ ማጣመርን መክሯል። ልዩነቱ ዐውቆ በማጣመርና በጭፍን በመቀላቀል መካከል ነው።

አንዳንዱ «ሐኪሙ ካልጠየቀኝ ለምን እናገራለሁ?» ይላል። ሌላው ደግሞ ወደ ሌላ ሐኪም መሄዱን መግለጥ ሐኪሙን መናቅ መስሎት ያፍራል። መጠየቅ የሐኪሙም የመድኃኒት ባለሙያውም ግዴታ መሆኑን አንክድም። ነገር ግን ወረፋ በበዛበት ቀን ጥያቄው ቢዘነጋ ዕዳውን የሚከፍለው በሽተኛው ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል፤ መድኃኒቱን የደበቀም በሽታ ይጨምራል እንላለን።

ስለዚህ የምንወስደውን መድኃኒት ሁሉ ስሙንና መጠኑን በአንዲት ወረቀት እንጻፍ፤ ማንበብ ለማይችሉ ወላጆቻችንም እንጻፍላቸው። ወረቀቷንም ለሐኪሙና ለመድኃኒት ቤቱ ሳንጠየቅ እናሳይ። የታዘዘውን በራስ ፈቃድ ድንገት ማቆም አይገባም፤ ሰገራ እንደ ሬንጅ ቢጠቍር ወይም ትንፋሽ ቢከብድ ግን ሳይዘገዩ ወደ ሆስፒታል መሄድ ነው። ማዘዣ ግልባጭ አይጻፍበትም፤ አድራሹ በሽተኛው ራሱ ነው።