መስከረም 20

የእህቴ ልጅ ከእንግሊዝ መጥቶ እኛ ጋ ሰንብቷል። ሻንጣውን ሲከፍት ጫማ ያመጣልኝ መስሎኝ ነበር፤ ያወጣው ግን የሚገጣጠም የዓሳ ማጥመጃ ዘንግ ነው። መንጠቆው በላባና በክር ተጠምጥሞ ቁርጥ ዝንብ መስሏል። ትል የለ፣ ሊጥ የለ። «ጋሼ፣ ትል ከሰጠኸውማ ጨዋታው ምኑ ላይ ነው?» አለኝ።

ቡናማው ትራውት የሚባለው ዓሳ ዕንቁላሉን የሚጥለው ብርዱ ሲገባ ነው። ስለዚህ እዚያ በብዙ ወንዞች መስከረም 20 ቀን ማጥመድ ይዘጋል። የሚናፈቁት የመጨረሻዎቹ ሳምንታት ናቸው አሉ፤ ውሃው ይቀዘቅዛል፣ ዓሳው ቀለሙ ይደምቃል፣ ቁጡም ይሆናል። ታዲያ አጥማጁ ይህን ሁሉ ደክሞ ከያዘው በኋላ መንጠቆውን ነቅሎ ይለቀዋል! እኔ ባደግሁበት ቤት ይህ ዱላ ያስበላ ነበር።

ንዴቴ ቢበርድም ያ መስከረም 20 ከሐሳቤ አልወጣም። እነሱ ጋ ዓሳ የሚያርፍበት ቀን ተቆርጦለታል። እኛ ደሴ ጋ የዓሳው መከራ የሚብሰው ጾም ሲገባ ነው፤ ኅዳር 15 ሲደርስ የሐይቅ ቆሮሶ ዓሳ ፈላጊው ይበዛል። ዓሳ ይበላል አይበላም የሚለውን የቆየ ሙግቴን ታውቁታላችሁ፤ አቋሜ ያው ነው፤ የበላ ይብላ፣ ጾምኩ ብሎ ግን አይመጻደቅብን። ሙስሊሙ ጎረቤቴ «እናንተ በጾማችሁ ቁጥር እኛ ላይ ዓሳ ይወደድብናል» ይላል። መልስ አላገኘሁለትም።

ቆሮሶም ቢሆን ለሐይቅ እንግዳ ነው፤ በ1970 ዓ.ም. ገደማ ከሌላ ውሃ መጥቶ የተጨመረ። ትራውትም እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ከኬንያ መጥቶ በባሌ ተራሮች ዌብና ዳንካ ወንዞች ውስጥ ተለቋል። ይህን ስነግረው ልጁ ዓይኑ በራ። «የቦርከና ወንዝስ?»

የሐረጎን ቁልቁለት ወርደን ኮምቦልቻ ወሰድኩት። ትራውት ቀዝቃዛና አየር የጠገበ ውሃ ይፈልጋል፤ ሙቀቱ ከ20 ዲግሪ ካለፈ ይጨነቃል። ቦርከና ደግሞ የደሴን እድፍ ተሸክሞ ይወርድና ኮምቦልቻ ላይ የፋብሪካው ይጨመርበታል። «አሁንም ቦርከና?» የምትሉኝ አላችሁ። አዎ፣ አሁንም። «ፋብሪካ እኮ እንጀራ ነው» ለሚሉኝም፣ ከታች ጨፋ ላይ ከብቱን ከዚሁ ውሃ የሚያጠጣው ሰው የሚበላው ድንጋይ አይደለም።

ልጁ ከድልድዩ በታች ቆሞ ዘንጉን ወደ ኋላ ወደ ፊት ሲያወዛውዝ ክሩ አየር ላይ እንደ ጅራፍ ተዘረጋ። ሕፃናት ከበቡት። ዝንቡ ውሃው ላይ አርፎ ትንሽ ተንሳፈፈ፣ ከዚያ ከበድ አለ። ልጁ በጥንቃቄ እየጠቀለለ ሳበው። ፌስታል ነበር።

«በል እንግዲህ፣ ልቀቀው» አልኩት።

አልሳቀም። መንጠቆውን ነቀለ፣ ፌስታሉን ጨምቆ ኪሱ ከተተው።