ቀዩ ምልክት ሲበራ

ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሐኪምን ይተካል አይተካም የሚለው ክርክር፣ እውነቱን ለመናገር፣ ሰልችቶናል። በዚህ እትም የምንጠይቀው ሌላ ነው፤ መሣሪያው ምርመራ ክፍል ከገባ በኋላ ባለሙያው ምን ያደርግበታል?

በናይሮቢ ፔንዳ ሄልዝ የተባለው የጤና ተቋም እንዲህ ባለ መሣሪያ ላይ በ15 ክሊኒኮቹ ያካሄደው ጥናት ውጤት በ2017 ዓ.ም. ይፋ ሆኗል። መሣሪያው ባለሙያው የሚጽፈውን የታካሚ መዝገብ እያነበበ አረንጓዴ፣ ቢጫ ወይም ቀይ ምልክት ያሳያል፤ ውሳኔው የባለሙያው ነው። በመሣሪያው በታገዙት ዘንድ በሽታን የመለየት ስሕተት በ16 በመቶ፣ የሕክምና ስሕተት በ13 በመቶ ቀነሰ። እኔን የሳበኝ ግን ከቁጥሩ በስተጀርባ ያለው ነው። መጀመሪያ ላይ ባለሙያዎቹ ብዙ ጊዜ ቀዩን አይተው ያልፉት ነበር። ነገሩ የተለወጠው የሥራ ባልደረቦች ተመድበው ጎን ለጎን ማስረዳትና ማበረታታት ሲጀምሩ ነው። (ሶፍትዌር የሚገዛ ሁሉ ለዚህ በጀት ይይዝ ይሆን?)

በዚያው ዓመት ከፖላንድ የተሰማው ደግሞ ያሳስባል። የትልቁን አንጀት ምርመራ በሰው ሠራሽ አስተውሎት እየታገዙ መሥራት የጀመሩ ሐኪሞች፣ ያለ እሱ ሲሠሩ ወደ ካንሰር ሊለወጥ የሚችል እባጭ የማግኘት መጠናቸው ከ28 ወደ 22 በመቶ ወርዷል።

በጤና ጣቢያም ሆነ በሆስፒታል የምትሠሩ አንባቢዎቻችን፣ በተረኝነት ሌሊት ስልካችሁን አውጥታችሁ ሰው ሠራሽ አስተውሎትን ምን እንደምትጠይቁ ጻፉልን። ስማችሁን ባትገልጹም እንቀበላለን፤ የታካሚ ስም ግን አደራ፣ አታስገቡ።